ዕዳ ያለበት አባል ማንን ያማክር?

(በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





በእንዲህ ያለ የምስረታ በዓል ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለተሰበሰበው ምርት፣ ስለተከፋፈለው ትርፍና ስለተመለሰው ብድር ነው። ስለተመለሰው ብድር ሲነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሳ ያልፋል። አባሉ የከፈለው ከምን ላይ ነው? ምርቱን ሸጦ ነው? የእርሻ በሬውን ሸጦ ነው? ወይስ ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ? ሦስቱም በመዝገብ ላይ "ተከፍሏል" ተብለው ይሰፍራሉ። ለቤተሰቡ ግን ሦስቱ አንድ አይደሉም። የዛሬው ንግግር በዚህ ላይ ያተኩራል። ምሳሌው የተወሰደው ዕዳ ለያዛቸው ሰዎች በነጻ ምክር የሚሰጡ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ለረጅም ጊዜ ከሠሩባት ከእንግሊዝ አገር ነው።

እንግሊዝ ለህብረት ሥራ አባላት እንግዳ አገር አይደለችም። ሥልጠና የወሰደ ሁሉ የሮችዴልን ስም ሰምቷል። እ.ኤ.አ. በ1844 በዚያች ከተማ ቶድ ሌን በተባለ መንገድ ላይ ሸማኔዎች የሚገኙባቸው ሰዎች ተሰባስበው ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄትና ሻማ የሚሸጥ አነስተኛ ሱቅ ከፈቱ። በሥልጠና ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ግን ሱቁ በዱቤ የማይሸጥ መሆኑ ነው። ጭካኔ አልነበረም። በዘመኑ ሠራተኛው የነጋዴ ባለዕዳ ስለነበር ዱቄቱ ቢበላሽም፣ ሚዛኑ ቢጎድልም ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ አይችልም ነበር። የሮችዴል ሰዎች ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ ፈለጉ። ለአባሉ የሚደርሰው የትርፍ ድርሻ በማህበሩ ውስጥ ሲቀመጥም ቁጠባ ሆነ። ቆየት ብሎ ከትርፉ 2.5 በመቶውን ለአባላት ትምህርት መደቡ።

ከሮችዴል ብዙም በማትርቀው በብራድፎርድ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ጆን ከርቢ የተባለ ሰው "ክርስቲያንስ አጌንስት ፖቨርቲ" የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ። ከርቢ ቀደም ሲል በብድር ንግድ ላይ የሠራ፣ በኋላም ራሱ ዕዳ ውስጥ የገባ ሰው ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከአበዳሪውም ከተበዳሪውም ወገን ያውቀው ነበር። ድርጅቱ የሚሠራው ከአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ነው። አገልግሎቱ ግን ሃይማኖት ሳይለይ፣ ያለ ክፍያ ይሰጣል።

ሥራው ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል። አማካሪው ከባለዕዳው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ያልተከፈቱ ፖስታዎችን ይከፍታል። ዕዳ የበዛበት ሰው ከአበዳሪ የሚመጣ ደብዳቤ መክፈት ይፈራል፣ ስልክ አያነሳም፣ አንዳንዱም ለትዳር ጓደኛው እንኳ ሳይናገር ለዓመታት ይኖራል። እዚህ አገር ፖስታ ባይመጣም መደበቁ አንድ ነው። ዕዳ ያለበት አባል በማህበሩ በር ላለማለፍ መንገድ ይቀይራል፣ ስብሰባም ይቀራል።

ፖስታው ከተከፈተ በኋላ ዕዳው ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ ከዚያም በሁለት ይከፈላል። ባይከፈል ቤት የሚያሳጣ፣ መብራት የሚያስቆርጥ ወይም ፍርድ ቤት የሚያስቀርብ ዕዳ አንደኛው ነው፤ የቤት ኪራይና የማዘጋጃ ቤት ግብር እዚህ ይመደባሉ። የክሬዲት ካርድና ያለ መያዣ የተወሰደ ብድር በሁለተኛው ይመደባሉ። ሰው በራሱ ሲወስን ግን ብዙ ጊዜ ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። አጥብቆ ለሚጮኸው አበዳሪ ከፍሎ ዝም ያለውን ይረሳል፤ ዝም ያለው ቤቱን ሊወስድበት የሚችለው ሆኖ ሳለ።

አንድ ስሌት እንይ። የአንድ ቤተሰብ የወር ገቢ 1,400 ፓውንድ ነው እንበል። ለምግብ፣ ለኪራይ፣ ለመብራትና ለመጓጓዣ 1,340 ያስፈልገዋል። የሚተርፈው 60 ነው። ለሦስት አበዳሪዎች 3,000፣ 2,000 እና 1,000፣ በድምሩ 6,000 ፓውንድ አለበት። አማካሪው 60ውን እንደ ዕዳው መጠን ያካፍለዋል፦ ለአንደኛው 30፣ ለሁለተኛው 20፣ ለሦስተኛው 10። ከዚያም ለሦስቱም ይጽፍና ወለዱን እንዲያቆሙ ይጠይቃል። ወለዱ ቢቆም ዕዳው በ100 ወራት ያልቃል። ካልቆመ ግን ላያልቅ ይችላል። አበዳሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስማሙት ርኅራኄ ስላላቸው ብቻ አይደለም። የቤተሰቡ ገቢና ወጪ በወረቀት ቀርቦላቸዋል፣ ሌላውም አበዳሪ በእኩል መንገድ እንደሚስተናገድ ያውቃሉ። 60ውም ከሌለ አማካሪው ይህንኑ ፊት ለፊት ተናግሮ ዕዳው በህግ ወደሚሰረዝበት መንገድ ይመራል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ስሌቱ የሚጀምረው ከቀለብ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ቤተሰቡ ይበላል፣ ቀጥሎ ዕዳ ይከፈላል። ህጉም ለመሥሪያ መሣሪያ እንዲሁ ያደርጋል። በእንግሊዝ ንብረት እንዲይዝ የተላከ ሰው ባለዕዳው ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያ በድምሩ እስከ 1,350 ፓውንድ ድረስ መውሰድ አይችልም። የአርሶ አደሩ መሣሪያ በሬው ነው። በሬ የተወሰደበት አባል የከርሞውን ብድር በምን አርሶ ይክፈል?

ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የገንዘብ አያያዝ ትምህርትም መስጠት ጀመረ። ዋናው ነገር ገንዘብን ለቋሚ ክፍያ፣ ለዕለት ወጪና ለቁጠባ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ይህ ለገጠር እናቶች አዲስ አይደለም። ለዘር የተቀመጠ እህል በነሐሴ ረሃብ እንኳ እንዳይነካ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። እህሉ ወደ ብር ሲለወጥ ግን ይህ መለየት ይጠፋል። የመኸሩ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ጥር የሠርግ ወር ነው፤ የግብአት ዕዳም የሚጠየቀው የእህል ዋጋ ዝቅ ባለበት በዚያው ሰሞን ነው። ክረምት ሲገባ እጅ ባዶ ይሆናል፣ አራጣ አበዳሪውም የሚፈለገው ያኔ ነው።

ትምህርት ብቻውን ግን ሁሉን አይመልስም። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ዋጋ ሲወድቅ የማዳበሪያ ብድር መክፈል ያቃታቸው አርሶ አደሮች ብዙ ነበሩ። ያመረቱት ጥሩ ነበር። አባካኞች ተብለው ሊወቀሱ አይችሉም። ለእንዲህ ያለው ጊዜ የሚያስፈልገው ፋታ ነው። እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2021 ጀምሮ ይህን በህግ ደንግገዋል። በዕዳ አማካሪ በኩል ያመለከተና መስፈርቱን ያሟላ ሰው ለ60 ቀናት በአብዛኛው ዕዳው ላይ ወለድ አይቆጠርበትም፣ አስገዳጅ እርምጃም አይወሰድበትም። ዕዳው ግን አይሰረዝም፤ የየዕለቱ ክፍያም ይቀጥላል።

አንድ አከራካሪ ነገር አለ። አማካሪውን ማን ይቀጥረዋል? የብራድፎርዱ ድርጅት በዋናነት የሚተዳደረው በለጋሾች መዋጮ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና ዛሬ ስቴፕቼንጅ የሚባለው ሌላው ትልቅ ድርጅት ግን ብዙውን ገንዘብ የሚያገኘው ከአበዳሪዎቹ ነው። ሁለተኛው መንገድ ሰፊ ሥራ አስችሏል፤ ሆኖም ከአበዳሪ ገንዘብ የሚቀበል አማካሪ ለማን ያደላል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በመሠረታዊ ማህበር ውስጥ ጥያቄው የባሰ ይጠብቃል። የብድር ኮሚቴው አበዳሪም ሰብሳቢም ነው። አባሉ "ከአራጣ ተበድሬ ነው የከፈልኳችሁ" ብሎ ለዚያው ኮሚቴ እንዲናገር መጠበቅ የዋህነት ነው።

ስለዚህ ለዩኒየኑ የሚቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በየመሠረታዊ ማህበሩ ከብድር ኮሚቴው ውጭ የሆነ፣ ሒሳብ የሚያውቅና ምስጢር የሚጠብቅ አንድ ሰው ይመደብ፤ ሴት አባላት የሚያምኗት አንዲት ሴትም ትጨመር። ሥራቸው የሚጀምረው የመክፈያው ቀን ካለፈ በኋላ ሳይሆን ሰብሉ ማሳ ላይ እያለ፣ በመስከረምና በጥቅምት ይሁን። የወረዳ ኃላፊዎችም ድርቅ ወይም የዋጋ ውድቀት ሲደርስ በእነዚህ ሰዎች በኩል የሚመጣውን የፋታ ጥያቄ ተቀብለው ይመልከቱ። ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በሚቀርበው የብድር አመላለስ ሪፖርት ላይም "ተከፍሏል" ከሚለው ዓምድ ጎን "ከምን ላይ ተከፈለ" የሚል አንድ ዓምድ ይታከልበት፤ የአባላት ስም ሳይጠቀስ፣ በቁጥር ብቻ።