ሕመሙ ከበረደ በኋላ
(በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የተሰማ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ስለ ሕመሙ ሳይሆን ሕመሙ ከበረደ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። ባይፖላር የሚባለው የአእምሮ ሕመም አንድ ሰሞን ሰውየውን እንቅልፍ ነሥቶ፣ ከልክ ያለፈ ደስታና ንግግር ሞልቶ ገንዘቡን ያስበትነዋል፤ ሌላ ሰሞን ደግሞ ከአልጋው አላስነሣ ይለዋል። በሁለቱ መካከል ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት የሚቆይ የጤና ጊዜ አለ። «የባዕድ አገር ሕመም ነው» የሚለን ቢኖር፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመውን የቡታጅራን ጥናት እንጠቁመዋለን፤ ከ68,378 ሰዎች መካከል 315 ሕመምተኞች ተገኝተዋል።

መድኃኒትስ አለ። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ የሊቲየምን ጥቅም ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ነገር ግን መድኃኒት ሕመሙን ያበርዳል እንጂ ሰውን ከሥራውና ከባልንጀራው ጋራ አያገናኝም። በአሜሪካ በማክሌን ሆስፒታል ለመጀመሪያ ጊዜ ታመው የተኙ 166 ሰዎችን ሐኪሞች ተከታትለው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ ከመቶው 98ቱን ሕመሙ ለቀቃቸው፤ ወደ ቀድሞ ሥራቸውና አኗኗራቸው የተመለሱት ግን ከመቶው 43 ብቻ ናቸው።

ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? ከፊሉ ከራሱ ከሕመሙ ነው፤ ከበረደም በኋላ በብዙዎቹ ላይ ሐሳብን መሰብሰብና ማስታወስ ይከብዳል፤ ቀለል ያለ ትካዜም ይቀራል። ከፊሉ ግን ከእኛ ነው። ዓመት ቆይቶ የተመለሰ ተማሪ በምግብ አዳራሽ ከት ብሎ ቢሥቅ «ጀመረው እንዴ?» እንባባላለን። ማንኛችንንም በሚያስቆጣ ነገር እሱ ከተቆጣ መድኃኒቱን እንደ ተወ እንቆጥረዋለን። ሊቲየም እጅ የሚያንቀጠቅጥ መሆኑን ሳናውቅ፣ ስኒው በእጁ ሲንቀጠቀጥ እያየን እንጠቃቀሳለን። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ርኅራኄያችን ነው። «አንተ ተወው፣ አትድከም» እያልን ከቡድን ሥራ እናወጣዋለን፤ መዋጮ እንኳ አንጠይቀውም። በዕድርም ቢሆን እኮ መዋጮ የማይጠየቅ ሰው እንደሌለ ነው የሚቆጠረው!

ለፈተና ሌሊቱን በቡና (አንዳንዶቻችንም በጫት) መግፋት ለሌሎቻችን የአንድ ቀን ድካም ነው፤ ለእሱ ግን እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ይችላል። እንግዲህ የጥናት ጓደኞቹ ከሆንን ጥናቱን ወደ ቀን እናዙረው፤ «ከእኛ ጋራ አያመሽም» ብለንም አንማው።

ስለዚህ ማኅበራችን እንዲህ ብሎ እንዲወስን እንጠይቃለን፦ በሕመም ምክንያት ትምህርቱን አቋርጦ ለሚመለስ ተማሪ ሁሉ፣ የሕመሙ ዓይነት ሳይጠየቅ፣ ያመለጠውን የትምህርት ማስታወሻ የሚያደርሱለት ሁለት ሁለት ሰዎች ከየክፍሉ ይመረጡ፤ የእግር ኳስ ቡድኑም ሆነ የክርክር ክበቡ ስሙን ከመዝገብ አይሠርዝ። በዚህ ሥራ ለመግባት የምትፈቅዱ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ለጸሐፊው አስመዝግቡ።