«ፎርማት ይደረግ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ፦ የዩኤስቢ ችግሮችን በሥርዓት ስለ መመርመር

(በፋካልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ እየተመላለሰ አዲስ አበባ የሚማር ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚይዘው በአንዲት ፍላሽ ነው። ያቺው ፍላሽ ማታ በቤት፣ ቀን በኮምፒዩተር ክፍል፣ በመጨረሻም በግቢው አጥር ሥር ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሰካለች። አንድ ቀን ኮምፒዩተሩ አላውቃትም ሲል የሚያስደነግጠው የዕቃዋ ዋጋ ሳይሆን በውስጧ ያለው የዓመታት ድካም ነው። የንግግሬም ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ብዙ ጊዜ ጽሑፉን የሚያጠፋው ብልሽቱ ራሱ ሳይሆን ብልሽቱን ለማስተካከል በችኮላ የሚወሰደው እርምጃ ነው። ስለዚህ ምርመራው ቅደም ተከተል ይኑረው።

አንደኛው ጥያቄ ኃይልን የሚመለከት ነው። ዩኤስቢ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ዓላማው ልዩ ልዩ ዓይነት የነበሩትን የኪቦርድ፣ የማውስና የፕሪንተር መሰኪያዎች በአንድ ዓይነት መተካት ነበር። በአንዱ ገመድ መረጃም ኃይልም ያልፋል። ኃይሉ 5 ቮልት ሲሆን፣ መደበኛው የዩኤስቢ 2.0 ፖርት እስከ 500፣ የ3.0 ፖርት ደግሞ እስከ 900 ሚሊአምፔር ይሰጣል። በተለምዶ ሲፒዩ የምንለው ሳጥን የፊት ፖርቶች ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙት በውስጥ ገመድ ነው፤ የኋላዎቹ ግን በማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው። በፊት ለፊት ያልሠራ ዕቃ በስተኋላ ሊሠራ የሚችለው ስለዚህ ነው። ገመዱንም መጠርጠር ይገባል፤ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ብቻ የተሠራ ገመድ የመረጃ ሽቦ የለውም። ዋናው ደንብ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ፖርቱንም ገመዱንም አንድ ላይ የለወጠ ሰው ችግሩ ቢፈታለት እንኳ ጥፋቱ የየትኛው እንደ ነበር አያውቅም። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ በኋላ ፖርትና በአጭር ገመድ ተሰክቶም «ጠቅ ጠቅ» ማለቱን ካላቆመ፣ ደጋግሞ መሞከር ጉዳቱን ያብሳልና ይነቀል።

ሁለተኛው ጥያቄ ኮምፒዩተሩ ዕቃውን አይቶታል ወይ የሚለው ነው። በዊንዶውስ «ዲቫይስ ማናጀር» ውስጥ ቢጫ ምልክት ከታየ፣ ያንን መሣሪያ ከዝርዝሩ አስወግዶ ኮምፒዩተሩን እንደገና ማስነሣት ድራይቨሩ አዲስ እንዲጫን ያደርጋል። ፍላሿ በ«ዲስክ ማኔጅመንት» ውስጥ እየታየች በፋይሎች መስኮት ካልታየች ደግሞ የጎደላት መለያ ፊደል ብቻ ሊሆን ይችላል። ፊደል መስጠት የተቀመጠውን መረጃ አይነካም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው «ዲስኩን ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል» የሚለው መልእክት የመጣ እንደ ሆነ ነው። ፍላሽን እንደ ቤተ መጻሕፍት እንያት። ፋይሎቹ በመደርደሪያ ላይ ያሉ መጻሕፍት ናቸው፤ የፋይል ሥርዓቱ ደግሞ ካታሎጉ ነው። ፋይል በመጻፍ ላይ እያለ መብራት ቢሄድና ዴስክቶፑ ዩፒኤስ ባይኖረው፣ ወይም ፍላሿ በድንገት ብትነቀል፣ ካታሎጉ በከፊል ተጽፎ ይቀራል። መጻሕፍቱ ግን በቦታቸው ሊኖሩ ይችላሉ። ፈጣኑ ፎርማት አዲስ ባዶ ካታሎግ ይተካል፤ ሙሉው ፎርማት ደግሞ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ መደርደሪያውን ጭምር ይደመስሳል። ስለዚህ መልሱ «አይደረግ» ነው። በፍላሿ ላይ ምንም ሳይጻፍ፣ እንደ ፎቶሬክ ባለ ነጻ ፕሮግራም ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ማውጣት ይቅደም። ጥገናም ሆነ ፎርማት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አራተኛው ጉዳይ በተለምዶ «ሾርትከት ቫይረስ» የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ማይክሮሶፍት በቀድሞዎቹ ዊንዶውሶች ላይ ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ እንዳይነሣ የሚያደርገውን ማሻሻያ በስፋት አሰራጨ። ሾርትከት ቫይረስ ግን የሚጠብቀው የሰውን ጣት ነው። እውነተኞቹን ፎልደሮች ይደብቅና በስማቸው አቋራጭ ያስቀምጣል፤ አቋራጩን የከፈተ ሰው ቫይረሱን ራሱ አስነሣው ማለት ነው። ፋይሎቹ ተደበቁ እንጂ አልጠፉም። በንጹሕ ኮምፒዩተር ላይ አቋራጩን ሳይነኩ «አትሪብ» በሚባለው ትእዛዝ የመደበቂያውን ምልክት ማንሣት ይቻላል። ፍላሿን አጽድቶ ያስተላለፈውን ኮምፒዩተር መተው ግን ውኃን በወንፊት እንደ መቅዳት ነው፤ ነገ ተመልሳ ስትሰካ ትያዛለች።

ብልሽት ሳይሆን ብልሽት የሚመስልም አለ። ፍላሿ ባዶ ሆና ሳለ አንድ ትልቅ ፋይል አልገባም ካለ፣ ፋት32 በተባለው ሥርዓት የተዘጋጀች ልትሆን ትችላለች፤ ይህ ሥርዓት 4 ጊጋባይት የሚሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። በአንጻሩ 64 ጊጋባይት የተባለች ሐሰተኛ ፍላሽ እውነተኛ አቅሟ 8 ብቻ ሆኖ ሁሉንም የተቀበለች ልትመስል ትችላለች፤ ማታለሉ የሚገለጠው ፋይሉ ሲከፈት ነው። ስለዚህ አዲስ ፍላሽ ስትገዙ እስኪሞላ ጽፋችሁ፣ የጻፋችሁትን መልሳችሁ በመክፈት ፈትኑት።

ውድ ተማሪዎች፤ ፍላሽ ማመላለሻ እንጂ ማከማቻ አይደለችም። ጽሑፋችሁ ቢያንስ በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱም ከቤታችሁ ውጭ ይሁን፣ ለራስ በኢሜይል መላክም ይበቃል። ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትወስዱት ፍላሽ የሚታተመውን ፋይል ቅጂ ብቻ የያዘ ይሁን። መምህራንም ረቂቅ ስንቀበል «ሌላ ቅጂ አለህ? ሌላ ቅጂ አለሽ?» ብለን የመጠየቅ ልማድ ብናደርግ መልካም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ይህ ጥያቄ መነሣት ያለበት መብራቱ ከመሄዱ በፊት ነው።