በወረቀት ላይ የጠራ ፍሳሽ

(ጸሐፊው በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ካሰማው ንግግር)



ስለ ፍሳሽ ልናገር መሆኑን የሰማ ጓደኛዬ «ምነው፣ ሌላ ርዕስ ጠፋ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይህን ሲለኝ ሰላጣ እየበላ ነበር። ሰላጣው ምን ውኃ ጠጥቶ እንዳደገ ግን አልጠየቀም። በትንሹ አቃቂ ዳር የሚበቅለው አትክልት በምን እንደሚጠጣ የምናውቅ እናውቃለን!

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ዲፕሎማ ያለኝ ነፃ ጋዜጠኛ ነኝ። ይሁን እንጂ ማባዛትና ማካፈል ለማንም አልተከለከለምና እስቲ አብረን እናስላ።

በፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ይበላሉ፤ በሽታ አምጪዎቹም ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ለዚህ ሁሉ ጊዜ ያስፈልጋል። ጊዜውን የምንሰጠው በሁለት መንገድ ነው።

አንደኛው ባች ሪአክተር የሚሉት ገንዳ ነው። ይሞላል፣ ይዘጋል፣ አየር ይነፋበታል፣ ዝቃጩ ይረጋል፣ የጠራው ከላይ ይቀዳል። እንደ ጠላ ጋን ነው፤ ሳይደርስ አይቀዳም። አርደርንና ሎኬት እ.ኤ.አ. በ1914 ማንቸስተር ላይ የሞከሩት ዘዴ ይኸው ነበር። ጣጣው ግን አየር መንፊያው ያለ መብራት አይሠራም። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግርም።

ሁለተኛው ኩሬ ነው። ፀሐይና አልጌ ካገኘ መብራት አይጠይቅም። የቀድሞዎቹ የቃሊቲ ኩሬዎች በቀን 7,600 ሜትር ኩብ እንዲያጣሩ የታሰቡ ነበሩ፤ በኋላ ቃሊቲ ላይ 100,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራ ጣቢያ ተሠርቷል። የኩሬ ችግሩ በአንድ በኩል ሲገባበት በሌላ በኩል መውጣቱ ነው። ዛሬ የገባ ፍሳሽ ዛሬውኑ ሾልኮ ሊወጣ ይችላል።

ሂሳቡ እዚህ ላይ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ማሬ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ቀመር፣ የጀርም መሞቻ ፍጥነት በ20 ዲግሪ ሙቀት በቀን 2.6 ነው። ይህን በቆይታው ቀን አባዙት፣ 1 ጨምሩበት፣ የገባውን ጀርም ለዚያ አካፍሉት።

በ100 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊዮን የዓይነ ምድር ባክቴሪያ ገባ እንበል። በአንድ ኩሬ 15 ቀን ቢቆይ 250,000 ይወጣል። ያንኑ 15 ቀን በተከታታይ ለተሠሩ አምስት ኩሬዎች ሦስት ሦስት ቀን ብናካፍለውስ? 190 ገደማ ብቻ! ኩሬው በበዛ ቁጥር ሾልኮ ማምለጥ ስለሚቀንስ፣ ሥራው ወደ ተዘጋው ገንዳ ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 ጥሬውን ለሚበላ አትክልት ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ነበር፤ በ2006 መመሪያውን ቢለውጠውም እንደ መለኪያ እንያዘው። እንግዲህ በወረቀት ላይ አልፈናል፤ እልል በሉ!

ቆይ፣ አትቸኩሉ። የአዲስ አበባ አማካይ የአየር ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ነው። የኩሬው ውኃም 16 ቢሆን፣ በዚያው ቀመር 2.6 የነበረው ወደ 1.3 ይወርዳል። ኩሬዎቹ ያው አምስት፣ ቀኑም ያው 15። የሚወጣው ግን 3,500 ያህል ነው። አራት ዲግሪ ብቻ ንጹሕ የተባለውን ከመስፈርቱ ከሦስት እጥፍ በላይ አደረገው! ክረምት ሲገባ ደግሞ አስቡት።

የሰው ወርቅ አያደምቅም ይላሉ አባቶች። የሌላ አገር ቁጥርም የእኛን ኩሬ አያጠራም። ሞዴል መጥፎ አይደለም፤ ሳይለኩ ማመን ነው መጥፎው።

ስለዚህ ማንም ባለሥልጣን «ማጣሪያ ሠርተናል» ሲለን፣ ከማጨብጨባችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። ሂሳቡ በስንት ዲግሪ ተሠራ? ፍሳሹ በእርግጥ ስንት ቀን ይቆያል? የሚወጣውስ ውኃ ተለክቶ ውጤቱ ለሕዝብ የሚነገረው መቼ ነው? መልሱን መሐንዲስ ብቻ ሳይሆን ሰላጣ የሚበላ ሁሉ ማወቅ አለበት።