ክሊኒክ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ
(ስለ ተማሪዎች ጤና ለከተማ መራጮች የተደረገ ንግግር)




ዛሬ የምናገረው ስለ ግድብና ስለ ሰፋፊ መንገድ አይደለም። ስለ አንዲት ክፍል ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃ፣ የመድኃኒት ቁም ሳጥን፣ እንዲሁም ጠዋት ከተማሪው ጋር ገብታ ማታ ከተማሪው ጋር የምትወጣ ነርስ ያለችበት ክፍል። ፓርቲያችን የሕዝብን ድምፅ አግኝቶ መንግሥት ቢመሠርት፣ በከተሞች በሚገኙ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይህችን ክፍል ለማቋቋም ቃል ይገባል። ቃል መግባት ቀላል ነው። ስለሆነም ለምን እንደሚያስፈልግ፣ እንዴት እንደምንሠራውና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ላስረዳችሁ።

በቅድሚያ ዛሬ ያለውን ሁኔታ እንመልከት። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ትኩሳት ያዘው እንበል። መምህሩ ወደ ዩኒት ሊደሩ ይልከዋል። ዩኒት ሊደሩ የፈቃድ ወረቀት ይጽፍለታል። ዘበኛው ወረቀቱን አይቶ በሩን ይከፍትለታል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጁ የማንም ኃላፊነት አይደለም። እናትና አባቱ ሥራ ላይ ናቸው። ጤና ጣቢያ ቢሄድ ካርድ ለማውጣት ይሰለፋል፤ ተራው ሳይደርስ የምሳ ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ብዙዎች የሚያደርጉትን ያደርጋል፤ ከሱቅ ሁለት ፍሬ ፓራሲታሞል ገዝቶ ውጦ ይተኛል።

በርካታ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ርዳታ ሳጥን አላቸው። ቁልፉ ግን ምክትል ርዕሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ ነው። በበሩ ላይ «ክሊኒክ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ክፍል ያላቸውም አሉ፤ ነርስ ስላልተመደበ ክፍሉ የተሰበሩ ዴስኮች ማከማቻ ሆኗል። የሚጥል በሽታ ያለበት ተማሪ ክፍል ውስጥ ሲወድቅ ጓደኞቹ ተሯሩጠው ክብሪት ጭረው ያሸቱታል። ልጆቹ ደግነታቸው ነው እንጂ ጥፋታቸው አይደለም። በጎኑ ማስተኛት፣ በአፉ ምንም አለመክተት፣ ከዚያም በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት እንዳለ ለቤተሰቡ መንገር እንደሚገባ ያስተማራቸው የለም።

ወገኖቼ፣

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ይህ አነጋገር በልጆቻችን ጤና ላይ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ቶንሲል እያልን የምንንቀውን የጉሮሮ ሕመም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የጉሮሮ ሕመም ሁሉ አደገኛ አይደለም። ሆኖም አንዱ ዓይነት በባክቴሪያ የሚመጣ ነው። በወቅቱ ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያን ያሳብጣል፤ ሲደጋገምም የልብን ቫልቮች ያበላሻል። የሚያጠቃው በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው፤ የዘጠነኛ ክፍል ልጆቻችን ገና ከዚህ ዕድሜ መውጣታቸው ነው። መድኃኒቱ አገር የሚያውቀው ፔኒሲሊን ነው። የተበላሸ ቫልቭ ግን ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይጠገንም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ስንት ሕፃናትና ወጣቶች ተራ እንደሚጠብቁ፣ ስንት ወላጅ እንደሚያለቅስ ሁላችንም እንሰማለን። ሕዝቡም ከኪሱ እያዋጣ ማዕከሉን ሲደግፍ ቆይቷል። እኛ የምንለው፣ ለቀዶ ሕክምና የምናዋጣ ሕዝብ ከዚያ በፊት የጉሮሮ ሕመሙን የምታይ ነርስ አጠገባችን ትኑር ነው።

ስለ ሴት ልጆቻችንም በግልጽ መነጋገር አለብን። የወር አበባዋ በድንገት የመጣባት ተማሪ ሞዴስ የምትጠይቀው ሰው፣ የምትታጠብበት ውኃ ከሌለ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። በወር ሁለትና ሦስት ቀን የምትቀር ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ስንት ትምህርት እንዳመለጣት እናንተው አስሉት። ከዚህ የከበደም አለ። ተገዳ የተደፈረች ልጅ የኤች.አይ.ቪ. መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለባት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ፍርሃትና ኀፍረት ይዟት ለእናቷ እንኳ መናገር ያቃታት ልጅ በእነዚያ ሦስት ቀናት ማን ዘንድ ትሂድ? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን እንተርታለን፤ ነገር ግን የሚነግሩት ሰው የሌላቸው ልጆች መደበቃቸው ምን ይገርማል?

ሰሌዳው አልታይ ብሎት ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጥ ተማሪ አለ። ሰነፍ ይባላል፤ የጎደለው ግን መነጽር ነው። ግድግዳ ላይ በሚሰቀል የዓይን መመርመሪያ ሰንጠረዥ በጥቂት ደቂቃ የሚለይ ችግር ነው። ወባም የቆላ ገጠር በሽታ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በከተማ በርሜልና ሮቶ ውስጥ የምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ በበጋ ወራት ወረርሽኝ እንዲነሣ ምክንያት ሆናለች። በትምህርት ቤት ውስጥ በጣት ጠብታ ደም የሚደረግ ምርመራ ቢኖር፣ ትኩሳቱ ወባ ይሁን አይሁን እዚያው ይታወቅ ነበር።

ገዢው ፓርቲ ምንም አልሠራም አንልም። በኢሕአዴግ ዘመን በ2005 ዓ.ም. የትምህርት ቤቶች ጤናና ሥርዓተ ምግብ ስትራቴጂ ወጥቷል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ለልጃገረዶች በየትምህርት ቤቱ ተሰጥቷል። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ የጤና ባለሙያ ትምህርት ቤት ገብቶ መሥራት እንደሚችልም አረጋግጧል። ነገር ግን ክትባት ሰጪዋ ሥራዋን ጨርሳ ትሄዳለች፤ ስትራቴጂውም በወረቀት ላይ ነው። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ትምህርት ቤቶችን እንዲያዩ ቢታዘዙም በመቶዎች የሚቆጠሩ አባወራዎችን ይዘው ከየት ጊዜ ያምጡ? የችግሩ ሥር ባለቤት መጥፋቱ ነው። ትምህርት ቢሮ «ጤና የእኛ ሥራ አይደለም» ይላል፤ ጤና ቢሮ «ግቢው የእኛ አይደለም» ይላል። በመካከል ልጁ በር ላይ ቆሟል።

በመሆኑም ፓርቲያችን የሚከተለውን ያደርጋል።

ሀ) እያንዳንዱ የትምህርት ቤት ክሊኒክ በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ ቅርንጫፍ ይሆናል። ነርሷ የጤና ጣቢያው ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች፤ ደመወዟም ከወረዳው የጤና በጀት በቋሚነት ይከፈላል።

ለ) ተማሪ ብዛታቸው ከ1,500 በላይ በሆነ ትምህርት ቤቶች ሁለት ባለሙያዎች ይመደባሉ፤ ከሁለቱ አንዷ ሴት ትሆናለች።

ሐ) መድኃኒቱ በጤና ጣቢያው በኩል ይቀርባል። ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነ መታወቂያው እዚህም ይሠራል። አባል ያልሆነ ቤተሰብ ልጅም በገንዘብ እጦት አይመለስም።

መ) ዘጠነኛ ክፍል የሚገባ ተማሪ ሁሉ ዓይኑ፣ ጆሮው፣ ጥርሱ፣ ክብደቱና የደም ማነሱ በዓመቱ መጀመሪያ ይመረመራል።

ሠ) ከክሊኒኩ አቅም በላይ የሆነ ሕመምተኛ በሪፈር ወረቀት ወደ ጤና ጣቢያው ይላካል፤ ሰው ሳይከተለው ከበር አይወጣም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አብዛኛው ወጪ ደመወዝ ነው፤ ሕንፃ አንሠራም፤ ያሉትን ክፍሎች እናድሳለን። ነርሶቹም ከሰማይ አይወርዱም። በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ገንዘብ ፈስሶባቸው ተመርቀው፣ ዲግሪያቸውን ታቅፈው የተቀመጡ ልጆቻችሁ ናቸው። ለስብሰባ አበል፣ ለግብዣና ለባለሥልጣን መኪና የሚወጣውን እንቀንሳለን። ክሊኒኮቹን በርዳታ ገንዘብ አንጀምርም። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ርዳታውን ሲያቋርጥ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ የጤና ሠራተኞች እንዴት እንደተሰናበቱ አይተናል። በአንድ ዓመት ሁሉንም እናዳርሳለን ብለንም አንዋሻችሁም። ተማሪ ከሚበዛባቸውና ከጤና ጣቢያ ከሚርቁት እንጀምራለን፤ በአምስት ዓመቱ የምርጫ ዘመን መጨረሻ ሁሉም ጋ እንደርሳለን።

ሌላም ስጋት እንዳለ እናውቃለን። አንዳንድ ወላጆች «ይህ ክሊኒክ ልጄን ከእኔ ደብቆ ምን ሊያስተምርብኝ ነው?» ይላሉ። ስጋቱን እናከብራለን። ክሊኒኩ የሚሰጣቸው አገልግሎቶች ዝርዝር በር ላይ ይለጠፋል፤ አሠራሩን የወላጅ መምህራን ኅብረት በየመንፈቀ ዓመቱ ይገመግማል። ይሁን እንጂ ተማሪው ለነርሷ የነገራት ምስጢር በሠራተኞች ክፍል የቡና ወሬ አይሆንም። ይህንን ካላረጋገጥን ልጆቹ አይመጡም፤ ካልመጡ ደግሞ ክፍሉ ተመልሶ የዴስክ ማከማቻ ይሆናል።

ውድ መራጮች፣

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለትምህርት የሚመድበው ሀብት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ እንዲሄድ ያዛል። እኛ የምንጠይቀው ችሮታ ሳይሆን ሕጉ እንዲፈጸም ነው። የቅስቀሳ መኪና በደጃችሁ ሲያልፍ፣ ከየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ አስቁማችሁ «ልጄ ክፍል ውስጥ ቢታመም ማን ያየዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን መዝኑና በካርዳችሁ ፍረዱ።

ድምፃችሁን ለልጆቻችሁ ጤና ስጡ!

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!