ለአንድ ማጉያ ሦስት ድምፅ
በተማሪዎች ማኅበር የምሽት ስብሰባ፥ አማን ላይ የተደረገ ንግግር



ባለፈው ስብሰባ ከመካከላችሁ አንዱ፥ «ባለ መስታወት ቫልቭ ማጉያ በዚህ ዘመን ምን ያደርጋል? ከገበያ መግዛት አይሻልምን?» ሲል ጠይቆን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚገዛው ቀላልና ርካሽ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን እርሱ የተበላሸ ዕለት በአውቶቡስ ተጭኖ አዲስ አበባ ድረስ መሄዱ ነው፤ የእኛው ሽቦው ሁሉ በዓይን የሚታይ ስለ ሆነ እዚሁ ይጠገናል። ቫልቭም ቢሆን ከዓለም የጠፋ ዕቃ አይደለም፤ ዛሬም በሩሲያ፥ በቻይናና በስሎቫኪያ ይሠራል።

የዛሬው ንግግራችን ግን በማጉያው ፊት ላይ ስለ ጨመርናት አንዲት ባለ ሦስት ቦታ መምረጫ ነው። ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሙዚቃ ክፍላችን ያለው ማጉያ አንድ ብቻ ነው። ጊታር መቺው ወፈር ያለ ድምፅ ይሻል፤ በክራሩ ሣጥን ላይ የተለጠፈችው የድምፅ መቀበያ ደግሞ ዝቅተኛውን ድምፅ ስለምታጋንን ማጉያው እየጮኸ ክራር መቺውን ያስቸግረዋል። ነገሩ ከክርክር አልፎ ወደ ኩርፊያ ደርሶ፥ አንደኛው ክፍሉን ለቅቄ እወጣለሁ እስከ ማለት ሄዷል። ሰላም ሥዩም በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የመታውን የሰማ ሰው ጊታር የአገራችንን ቅኝት አሳምሮ እንደሚናገር አይጠራጠርም፤ ክራር የሌለበት የተማሪዎች የሙዚቃ ክፍል ግን እኛ አንፈልግም። ስለዚህ ሁለቱንም የሚያስማማ መላ መፈለግ ነበረብን።

ሐሳቡ የእኛ ግኝት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር የሚሠራው ቮክስ ኤሲ 30 ማጉያ ድምፁ እንዲጠራ ሲፈለግ፥ «ቶፕ ቡስት» የተባለ ተጨማሪ ክፍል ከጀርባው ይገጠምለት ነበር። ጂም ማርሻልም በለንደን ሥራውን ሲጀምር የተነሣው ከአሜሪካው የፌንደር ቤዝማን ንድፍ ነው።

የእኛ ማጉያ አንድ ኢሲሲ 83 እና አንድ ኢኤል 84 ቫልቭ ያለው፥ ወደ 5 ዋት የሚሰጥ ትንሽ ማጉያ ነው። በመጀመሪያው ቫልቭ ካቶድና በመሬቱ ሽቦ መካከል 1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አለ። ይህ ሬዚስተር ብቻውን ሲሆን ቫልቩ የራሱን ጉልበት በራሱ ይገታል፤ ማጉላቱም 30 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከጎኑ ካፓሲተር ሲቆም ግን ተለዋዋጩ ምልክት በዚያ በኩል ያልፋልና ማጉላቱ ወደ 60 እጥፍ ይወጣል። እንግዲህ ጨዋታው ያለው በካፓሲተሩ መጠን ላይ ነው። 22 ማይክሮፋራድ ከሆነ የጊታሩን ዝቅተኛ ክር፥ ማለት 82 ኸርዙን ጨምሮ ሁሉንም እኩል ያነሣል። 0.68 ማይክሮፋራድ ከሆነ ግን ዝቅተኛውን እንዳለ ትቶ ከ300 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ያጎላል። መምረጫዋ ወደ ላይ ስትሆን ትልቁ፥ ወደ ታች ስትሆን ትንሹ ካፓሲተር ይገባል፤ መካከል ላይ ሁለቱም ይወጣሉ፥ ድምፁም ለስላሳና ዝግ ያለ ይሆናል። ክራሩ የሚስማማው ከታችኛው ጋር ነው።

መምረጫው በሚዞርበት ጊዜ «ጧ» የሚል ድምፅ እንዳያሰማ፥ ከእያንዳንዱ ካፓሲተር የታችኛው ጫፍ ወደ መሬቱ ሽቦ አንዳንድ ሜጋ ኦም ሬዚስተር አድርገናል። በዚህም ካፓሲተሮቹ ሥራ በፈቱበት ጊዜም የያዙትን ቮልቴጅ ይዘው ይቆያሉ።

በሌላ ቦታስ ለምን አላደረጋችሁትም የሚል ይኖራል። ካቶዱ ላይ ያለው ቮልቴጅ 2 ቮልት አይሞላም፤ ሽቦው እስከ ማጉያው ፊት ቢመጣ ማንንም አይጎዳም። አኖዱ ላይ ያለው ግን ከ150 ቮልት በላይ ነው፤ ከኃይል መስጫው የሚወጣው ደግሞ 300 ይጠጋል። ይኸውም ሰው ይገድላል፥ መሰኪያው ከተነቀለ በኋላ እንኳ! ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ጭነታቸውን ይይዛሉና። ስለዚህ 220 ኪሎ ኦም ባለ 2 ዋት ሬዚስተር በላያቸው ላይ በየድነናል፤ በአንድ ደቂቃ ገደማ ያራግፋቸዋል። ቢሆንም በሜትር ሳይለካ እጁን የሚያስገባ ሰው ከእኛ ጋር አይሠራም።

ሌላም አለ። የአያቶቻችሁን ራዲዮ ፈትታችሁ ማጉያ ለመሥራት የምታስቡ፥ መጀመሪያ የቫልቮቹን ስም አንብቡ። በ«ዩ» ፊደል የሚጀምሩ ከሆነ፥ ለምሳሌ ዩሲኤል 82፥ ብዙውን ጊዜ ራዲዮው መስመሩን የሚለይ ትራንስፎርመር የለውም፤ የብረቱ አካል በቀጥታ ከ220 ቮልቱ መስመር ጋር የተገናኘ ሊሆን ይችላል። የጊታሩ ክር ከዚያ ብረት ጋር የተያያዘ ነውና ክሩን የነካ ሁሉ መስመሩን ነካ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ራዲዮ ለዜና ማድመጫ ተዉት፤ ለአያታችሁም ደስታ ነው።

የአማን እርጥበት የመምረጫን ብረት ቶሎ ስለሚያዝገው የታሸገውን ዓይነት መርጠናል። ሁለተኛና ሦስተኛ መምረጫ ጨምሩ ያላችሁንም ሰምተናል፤ ነገር ግን በመድረክ ላይ በጨለማ የሚዞር ቁልፍ ሲበዛ ሙዚቀኛው ከመምታት ይልቅ ሲፈልግ ያመሻል።

ማጉያው ከጀመርን ጀምሮ ሲሞቅ ቆይቷል። አሁን ክራሩ መካከል ላይ ይጀምር፤ ከዚያ ወደ ታች እናዞረዋለን። ከኋላ የተቀመጣችሁ መምህራን ልዩነቱ ይሰማችሁ እንደ ሆነ ንገሩን።