ካምፐሩ ቤት ሲሰካ ኃይል ለምን ይቋረጣል?

አቅራቢ፦ አሜሪካ ውስጥ ካምፐር (የጉዞ ማደሪያ ተሽከርካሪ) ያላችሁ፣ ቤታችሁ ስትሰኩት ኃይሉ ይቋረጥባችኋል? ሁለት ምክንያቶችን እንይ።

አንደኛው ጭነት ነው። የቤት ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ 15 ወይም 20 አምፔር ነው፤ የብዙ ካምፐሮች መስመር ግን 30። ኤርኮንዲሽነርና ማይክሮዌቭ አብረው ሲሠሩ ብሬከሩ ይወርዳል።

ሁለተኛው ወደ መሬት የሚፈስ ኤሌክትሪክ ነው። ጂኤፍሲአይ (GFCI) የሚባለው መከላከያ ሶኬት 5 ሚሊአምፔር ገደማ ሲፈስ ኃይሉን ይቆርጣል። ሕይወት አዳኝ ነውና በሌላ ሶኬት አትለፉት።

ጂኤፍሲአይው ከቆረጠ፣ ችግሩ የት እንዳለ ለማወቅ የካምፐሩን ብሬከሮች በሙሉ አጥፉ፤ ከሰካችሁ በኋላ አንድ በአንድ አብሩ። ሲበራ ኃይል ያቋረጠው መስመር ላይ ችግር አለ፤ የውሃ ማሞቂያውን አስቀድማችሁ ጠርጥሩ። ሁሉም ጠፍተውም ከቆረጠ ገመዱንና የኒውትራሉን መስመር ባለሙያ ይፈትሽ።

አደራ! የ30 አምፔር ካምፐር 120 ቮልት ነው፤ 240 ቮልት ላይ ፈጽሞ አትሰኩት።