የገመድ ሳቢዎቹ መዳፍ

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ ጡረታ ተናገር ብለውኛል። አምና 60 ስለሞላኝ ይመስለኛል፤ ለነገሩ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሽበት የሌለበት ጥቂት ነው። እኔ ግን ስለ ሞጣው የዓባይ ድልድይ ሰዎች ልንገራችሁ።

ከዚህ ግቢ እንደወጣሁ የተመደብኩት በሞጣ በኩል ጤና ጣቢያ ነበር። በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራውንና ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኘውን ሰባራ ድልድይ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንዱ ቅስት በጣሊያን ወረራ ጊዜ ፈረሰ። ከዚያ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ተሻጋሪው ወገቡን በገመድ ይታሰራል፤ ወዲህና ወዲያ የቆሙ ወንዶች እየሳቡ ከገደሉ በላይ ያሳልፉታል።

እነዚያ ሳቢዎች እኔ ዘንድ ይመጡ ነበር። ወገቤን፣ ትከሻዬን ይላሉ። እኔም «ቁርጥማት» ብዬ ጽፌ፣ ማስታገሻ ሰጥቼ እሸኛለሁ። ካርዱ ላይ ሥራ የሚል ቦታ አለ፤ ሳልጠይቅ «ገበሬ» ብዬ እሞላዋለሁ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ መዳፋቸውን ዘርግተው፣

«ልጄ፣ ይኼ የሞፈር ይመስልሃል?» አሉኝ።

አፈርኩ። ገመዱ መዳፋቸውን አቋርጦ እንደ ቦይ ቆፍሮት ነበር።

በኋላ ድልድዩ ተጠገነ፤ ጎርፍ መልሶ ወሰደው፤ ከዚያ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። እሰየው ነው፤ ማንም በገመድ ይሻገር አልልም። ሳቢዎቹ ግን ወገባቸውን ይዘው ቀሩ።

አሁን ባለው ሕግ ከመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፤ 10 ዓመት ያገለገለ 60 ሲሞላው የወር አበል ያገኛል። የእኔ አነሰ ብዬ አማርራለሁ፣ የጤፍ ዋጋ ታውቃላችሁ! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ሥራ የሚያመጣውን በሽታ እንደ ሥራ ጉዳት ይቆጥረዋል። ግን የሚነሳው ከቅጥር ነው። የገመድ ሳቢ አሠሪው ማን ነው? ተሻጋሪው? ወንዙ?

ስለዚህ መምህራን፣ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችሁን ለጥናት ወደ ሞጣና ቢቸና ስትልኩ፣ አሁን የሚሠራውን ብቻ ሳይሆን ድንጋይ ሲጠርብ፣ ሸክም ሲያነሳ፣ ገመድ ሲስብ የኖረውን «ድሮ ምን ትሠራ ነበር?» ብለው ይጠይቁልኝ። መልሱንም ይጻፉት። ከሳቢዎቹ በሕይወት ያሉት ጥቂቶች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ይፍጠኑ።

መንገዱን እኔ አሳያለሁ። ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ጊዜ አለኝ።